አንገት ስናሰግግ መንጋጋችን ምን ይሆናል?

ሰው በቀን ስንት ጊዜ መንጋጋውን እንደሚያንቀሳቅስ ቆጥሮ አያውቅም። ይበላል፤ ያወራል፤ ያዛጋል፤ ምራቁን ይውጣል። እጅና እግር ሲደክማቸው ያርፋሉ። መንጋጋ ግን ከጧት እስከ ማታ ሥራ አይፈታም። ደህና እስከሆነ ድረስም የሚያስታውሰው የለም። አንድ ቀን ታዲያ ከጆሮ ፊት ለፊት መውጋት ይጀምራል። አፍ ሲከፈት ቀጭ ይላል። ቂጣ ማኘክ ያስቸግራል። ጧት ሲነሡ አፍ እንደ ልብ አልከፈት ይላል። በዚህ ጊዜ አንዱ «ጆሮዬን ነው» ይላል። ሌላው «ጥርሴ ነው» ብሎ ጥርስ ወደሚነቅል ሰው ይሄዳል። ጥርሱ ይነቀላል፤ ሕመሙ ግን እዚያው ይቀራል። ጤነኛ ጥርስ በከንቱ ሄደ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ሕመም የሚመጣው ከመንጋጋ መገጣጠሚያ ሊሆን ይችላል። ይህ መገጣጠሚያ ደግሞ ከአንገት ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ጭንቅላታችንንና አንገታችንን የምንይዝበት ሁኔታ፣ የምንሸከምበትና የምናጎነብስበት መንገድ ሁሉ ለመንጋጋ ይተርፋል። ነገሩን ቀስ ብለን እንመልከተው።

በመጀመሪያ መገጣጠሚያውን በእጃችን እናግኘው። ሁለቱን አመልካች ጣቶቻችሁን ከጆሮዎቻችሁ ቀዳዳ ትንሽ ወደ ፊት ፈቀቅ አድርጋችሁ ጉንጭ ላይ አሳርፉ። አሁን አፋችሁን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፤ ዝጉ። ከጣታችሁ ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር አለ አይደል? እሱ ነው። በአማርኛም በኦሮምኛም መንጋጋ ስሙ አንድ ስለሆነ፣ በእኛ አካባቢ ይህን ትምህርት ለጎረቤት ለማስረዳት አስተርጓሚ አያስፈልግም።

የራስ ቅል ብዙ አጥንቶች ተገጣጥመው የተሠራ ነው። በጆሮ ውስጥ ያሉትን ደቃቅ አጥንቶች ካልቆጠርን፣ ከእነዚህ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው የታችኛው መንጋጋ ብቻ ነው። አጥንቱ አንድ ነው፤ መገጣጠሚያው ግን ሁለት ነው። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። ይህ ነገር ለገበሬ እንግዳ አይደለም። ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ይጠመዳሉ። አንዱ በሬ ቢያነክስ ሌላው ብቻውን ደህና ሊሄድ አይችልም። ቀንበሩ ይዘነበላል፤ ትልሙም ይጣመማል። መንጋጋም እንዲሁ ነው። የቀኙ መገጣጠሚያ ሲታመም የግራው ይደክማል።

በር በማጠፊያው ላይ ይዞራል እንጂ ከቦታው አይነሣም። የመንጋጋ መገጣጠሚያ ግን ሁለት ሥራ ይሠራል። አፍ መከፈት ሲጀምር እንደ በር ይዞራል፤ አፍ በሰፊው ሲከፈት ደግሞ ወደ ፊት ይንሸራተታል። አህያ ስትጫን ጀርባዋ እንዳይላጥ ከጭነቱ ሥር አንድ ነገር ይነጠፍ የለም? በመንጋጋ መገጣጠሚያም በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደዚያ ያለ ልሙጥና ጠንካራ ንጣፍ አለ። ንጣፉ ከቦታው ሸርተት ብሎ ሲመለስ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሕመም ከሌለውና አፍ ደህና ከተከፈተ ድምፁ ብቻውን አያስፈራም። በብዙ ሰው ላይ አለ፤ ሕክምናም አያስፈልገውም።

አፍ ደህና ተከፈተ የሚባለው መቼ ነው? አመልካች ጣትን፣ የመኻል ጣትንና የቀለበት ጣትን ደራርባችሁ ከላይና ከታች የፊት ጥርሶቻችሁ መካከል አስገቡ። ሦስቱም ከገቡ ደህና ነው። ሁለት ጣት ብቻ ከገባና ሦስተኛው ከተጨነቀ መገጣጠሚያው ወይም ጡንቻው ችግር አለበት ማለት ነው።

አሁን ወደ አንገት እንውረድ። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ይህ 5 ሊትር ውኃ የያዘች ትንሽ ጀሪካን ማለት ነው። እስቲ እንዲህ ያለችውን ጀሪካን ከደረታችሁ አስጠግታችሁ ያዙ፤ አትከብድም። ቀጥሎ ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ ያዟት። አሁንስ? ውኃ አልተጨመረም፤ ጀሪካኗም ያችው ናት። ክንዳችሁ ግን ወዲያው ይንቀጠቀጣል። ከብዳ አይደለም፤ ከአካላችሁ ስለራቀች ነው።

ጭንቅላትም እንደዚሁ ነው። ጆሮ ከትከሻ በላይ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ጭንቅላት የሚያርፈው በሰባቱ የአንገት አጥንቶች ላይ ነው። እንደ ቤት ምሰሶ ሸክሙን ይቀበላሉ። አንገታችንን ስናሰግግ ግን ጭንቅላት ከምሰሶው ወጥቶ ወደ ፊት ይንጠለጠላል። ያን ጊዜ እንዳይወድቅ የሚይዙት የማጅራት ጡንቻዎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ተወጥረው ይውላሉ። ማታ «ማጅራቴን ቀሰፈኝ» የምንለው ለዚህ ነው።

ይህ ለመንጋጋ ምኑ ነው? ትላላችሁ። ከአገጭ ሥር የሚነሡ ጡንቻዎች አሉ። እነዚህ ጡንቻዎች በጉሮሮ ላይ ካለች እንደ ፈረስ ኮቴ ከጎበጠች ትንሽ አጥንት ጋር ይያያዛሉ። ከእርሷም ሌሎች ጡንቻዎች ወደ ደረትና ወደ ትከሻ ይወርዳሉ። ስለዚህ መንጋጋ በላይ ከራስ ቅል ጋር፣ በታች ከደረት ጋር በገመድ የታሰረ ያህል ነው። ሸክም የተሸከመ ሰው ወገቡን አጎንብሶ አንገቱን ያሰግጋል፤ መንገዱን ለማየት ደግሞ ፊቱን ቀና ያደርጋል። በዚህ ጊዜ ከኋላ ማጅራቱ ይጨማደዳል፤ ከፊት ጉሮሮው ይወጠራል። የተወጠረውም ገመድ መንጋጋውን ወደ ታችና ወደ ኋላ ይስበዋል። መንጋጋውን የሚዘጉት የጉንጭና የሰሪሳራ ጡንቻዎችም ይህን መሳብ ለመቋቋም ሌላ ሥራ ይጨመርባቸዋል።

ይህን በወሬ ብቻ አትቀበሉት። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። ጥርሶቻችሁን ቀለል አድርጋችሁ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ግጠሙ። የትኞቹ ጥርሶች ቀድመው እንደሚነካኩ ልብ በሉ። ቀጥሎ ፊታችሁን ወደ ጣራ ቀና አድርጋችሁ ግጠሙ። የኋላ ጥርሶች ቀድመው ይነካካሉ። አገጫችሁን ወደ ደረት ዝቅ አድርጋችሁ ግጠሙ። አሁን ደግሞ መንጋጋው ወደ ፊት ይመጣል። ጥርሱን ማንም አልነካውም፤ የተንቀሳቀሰው አንገት ብቻ ነው። የመንጋጋው ቦታ ግን ተለወጠ።

በስዊድን አገር በኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምረው ይህን ነገር በመሣሪያ ለክተው አይተዋል። ሰው አፉን ሲከፍት መንጋጋው ብቻ ወደ ታች አይወርድም። በዚያው ቅጽበት ጭንቅላቱም በትንሹ ወደ ኋላ ቀና ይላል። ስለዚህ አንድ ጉርሻ ለመጉረስ አንገትም ይሠራል። አንገቱ የደረቀና የታመመ ሰው ሲያኝክ ቶሎ የሚደክመው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ከፊትና ከመንጋጋ የሚመጣው የሕመም ስሜትና ከላይኛው አንገት የሚመጣው የሕመም ስሜት ወደ አንጎል የሚያልፉት በአንድ በር ነው። በሩ ማጅራት ውስጥ፣ ከራስ ቅል ሥር ነው። ከሁለት ቀበሌ የመጡ ሰዎች በአንድ በር ተጋፍተው ቢገቡ ዘበኛው ማን ከየት እንደመጣ ይምታታበታል። አንጎልም ይምታታበታል። የታመመው አንገት ሆኖ ሳለ ሰው መንጋጋውን፣ ጆሮውን ወይም ሰሪሳራውን ያመዋል።

በአካባቢያችን ሥራ ይህን እንየው። በጨፋ ሜዳ ማሽላ ሲታረምና ሲታጨድ ሰው ለሰዓታት ጎንብሶ ይውላል። ይህ የግድ ነው፤ ማሽላ ቆሞ አይታረምም። ግን ደግሞ በየመካከሉ ቀና ማለት ይቻላል። ከሁሉም የሚከፋው የውኃና የማገዶ ሸክም ይመስለኛል። አንዲት እናት 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ከምንጭ ዳገት ትወጣለች እንበል። ውኃው ብቻ 20 ኪሎ ነው። ገመዱ ደረቷንና ትከሻዋን ይይዛል። ወገቧ ይጎብጣል፤ አንገቷ ያሰግጋል። ከባድ ነገር የሚያነሣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ጥርሷን ትነክሳለች። እንግዲህ አንገቱም መንጋጋውም በአንድነት ተወጠሩ ማለት ነው። ይህ በዓመት አንድ ቀን ቢሆን ምንም አልነበረም። በየቀኑ ነው።

በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም በሴቶች ላይ ከወንዶች እጥፍ ያህል እንደሚታይ ያሳያሉ። ምክንያቱ ሸክም ብቻ አይደለም፤ ውኃ በቧንቧ በሚገባበት አገርም እንዲሁ ነው። በእኛ አካባቢ ግን በዚያ ላይ ሸክሙ ይጨመራል። የቤቱን አባወራ «አባባ፣ አህያው ውኃ ቢያመጣስ?» ብትሉት «አህያው እኮ ለባቲ ሰኞ ነው የሚጠበቀው» ይላችኋል። ለሰኞ ገበያ አህያው ይረፍ፤ ለሚስት ጀርባ ግን ዕረፍት የለም! ግመል የሚጭን ሰው የቀኙንና የግራውን ጭነት ሳያመዛዝን ግመሉን አያስነሣም። ለእንስሳው የሚደረገው ጥንቃቄ ለሰው ቢደረግ ምን ነበረበት?

አህያ ካለ አህያው ይጫን። ከሌለም አንዱን ትልቅ ጀሪካን ከመሸከም በሁለት ትናንሽ ጀሪካኖች ከፍሎ በሁለት እጅ መያዝ ወይም ሁለት ጊዜ መመላለስ ይሻላል። በጀርባ ሲሆን ሸክሙ ከጀርባ ጋር ይጣበቅ፤ ወደ አንድ ጎን አይንጠልጠል። በመንገድ ላይ ማረፊያ ይኑር። ሲያርፉም መቀመጥ ብቻ ሳይሆን ትከሻን መልቀቅና ጥርስን ማላቀቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ስለ ጫት እንነጋገር። ጫት አትቃሙ ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ሰሚው ግን ጥቂት ነው። እኔ የምለው ስለ መንጋጋው ብቻ ነው። በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ለብዙ ሰዓታት ያኝካል። ቅጠሉንም የሚይዘው ባንድ ጉንጩ ነው። የሁልጊዜ ቃሚ የሚለምደው ጉንጭ አለው፤ አንዱ ወገን ይሠራል፤ ሌላው ይቀመጣል። በዚህ ላይ ባንድ ክርኑ ትራስ ተደግፎ አንገቱን አጣሞ ይውላል። አንዱን በሬ ብቻ እየገረፉ ማረስ ማለት ይህ ነው። ከእኛ ባሕር ማዶ በየመን አገር የተደረጉ ጥናቶች በጫት ቃሚዎች ላይ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ችግር በብዛት እንደሚታይ ገልጸዋል። ጫት ንቃት ስለሚሰጥም እንቅልፍ ይነሣል፤ በእንቅልፍ ልብ ጥርስ የሚያፋጭ ሰው መንጋጋውን ሌሊትም ያሠራዋል። መንጋጋው የሚያመው ሰው ሌላውን ምክር ባይቀበል እንኳ እስኪሻለው ድረስ ጫቱን ይተው። ጥንቅሽና ደረቅ ቆሎም እንደዚሁ ይቆዩ።

ደግሞ ከነዚህ ሁሉ አዲስ የሆነ ማጎንበስ አለ። እሱም የንባብ ማጎንበስ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙ ሰው ፊደል የቆጠረው ማታ፣ በኩራዝ ብርሃን፣ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር። ዛሬም በእጅ ስልክ ላይ የሚያቀረቅር ወጣት ያንኑ አንገት ነው የሚያጎብጠው። አሁን ይህን ስታነቡ አንገታችሁ የት ነው? መጽሐፉን ወደ ዓይናችሁ ከፍ አድርጉት እንጂ ዓይናችሁን ወደ መጽሐፉ ይዛችሁ አትውረዱ። ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ ወይም ትራስ ላይ ብታሳርፉ እጃችሁ አይደክምም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በትክክል መነገር አለበት። አንገቱን ያሰገገ ሁሉ መንጋጋውን ይታመማል ማለት አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ የተደረጉት ጥናቶች አይስማሙም፤ አንዳንዶቹ ዝምድናውን ጠንካራ፣ ሌሎቹ ደካማ ሆኖ አግኝተውታል። የሚስማሙበት ነገር ግን አለ። መንጋጋውን የሚያመው ሰው ብዙ ጊዜ አንገቱንም ያመዋል፤ ለአንገትና ለመንጋጋ የሚደረግ ቀላል እንቅስቃሴም ለብዙዎች ሕመሙን ይቀንሳል። ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጥርስ ማፋጨት፣ ፊት ላይ የደረሰ ምት ሁሉ የራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ሕመሙ የጀመረው ሰው ምን ያድርግ? አብዛኛው የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም ያለ ቢላዋና ያለ መርፌ በሳምንታት ወይም በወራት ይሻላል። ገንፎ፣ ፍትፍት፣ አጥሚት፣ ወተት ይመገብ። ጉርሻውን ያሳንስ። በሁለቱም ወገን ያኝክ። ሲያዛጋ እጁን ከአገጩ ሥር አድርጎ አፉ ከመጠን በላይ እንዳይከፈት ይያዝ። በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ጉንጩና ማጅራቱ ላይ እያደረገ ያሳርፍ፤ ቆዳ እንዳያቃጥል ግን ይጠንቀቅ።

ከሁሉ በላይ ጥርሱን ያላቅቅ። ብዙ ሰው አፉ ሲዘጋ ጥርሱም መግጠም ያለበት ይመስለዋል። ስሕተት ነው። ከንፈር ይግጠም፤ ጥርስ ግን ይለያይ፤ የምላስም ጫፍ ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ላንቃ ላይ ይረፍ። የመንጋጋ ዕረፍት ይህ ነው። በጤናማ ሰው ላይ የላይና የታች ጥርስ በቀን ውስጥ የሚነካኩበት ጊዜ ቢደመር ከግማሽ ሰዓት በታች እንደሆነ ይገመታል።

ለአንገትም አንድ እንቅስቃሴ አለ። ጀርባን ግድግዳ አስደግፎ መቆም። ሳያቀረቅሩ፣ ቀናም ሳይሉ፣ አገጭን ቀጥታ ወደ ኋላ መሳብ። አምስት እስኪቆጥሩ መቆየትና መልቀቅ። አሥር ጊዜ ያህል፣ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ። ሲያም ማቆም ነው፤ ሕመምን በኃይል ማሸነፍ አይቻልም።

ወጌሻ ዘንድ መሄድ የለመደ ሰው ይህን ልብ ይበል። ማሸት ባልከፋ ነበር። አንገትን በድንገት መጠምዘዝ ግን አደገኛ ነው፤ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች በአንገት በኩል ያልፋሉ። ሕመሙ ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ክንድ ከደነዘዘ ወይም ጉንጭ ካበጠ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ካስፈለገ ከሚሴ ወዳለው ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ጥርስ ከመነቀሉ በፊትም «የታመመው ይህ ጥርስ መሆኑ በምን ታወቀ?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው።

አንዳንድ ጊዜ ሰው ሲያዛጋ ወይም ሲስቅ መንጋጋው ወልቆ አፉ እንደተከፈተ ይቀራል። መናገር ያቅተዋል፤ ምራቁ ይዝረበረባል፤ ቤተሰቡ «ምን ነካው!» ብሎ ይጮኻል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በጥንታዊት ግብፅ ከ3,500 ዓመት በፊት በተጻፈ የሕክምና ጽሑፍ ውስጥ የወለቀ መንጋጋ እንዴት እንደሚመለስ ተገልጿል። አውራ ጣትን አፍ ውስጥ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከአገጭ ሥር አድርጎ መመለስ ነው። ዛሬም ሐኪሞች የሚያደርጉት ይህንኑ የመሰለ ነው። ያልተማረበት ሰው ግን አይሞክረው፤ መንጋጋው ሲመለስ በኃይል ስለሚዘጋ ጣት ይነከሳል፤ አጥንትም ሊሰበር ይችላል። አገጩን በነጠላ ደግፎ ቶሎ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው።

ከዚህ ሁሉ የተለዩ፣ ቀን የማይሰጡ ሁለት በሽታዎች አሉ። አባቶቻችን ስማቸውን ያወጡላቸው ከመንጋጋና ከማጅራት ነው። አንዱ መንጋጋ ቆልፍ ነው። ተዋሲው በአፈርና በእበት ውስጥ ይኖራል። በእሾህ፣ በሚስማር፣ በማጭድ በደረሰ ቁስል ወይም ንጹሕ ባልሆነ ምላጭ በተቆረጠ እትብት ይገባል። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መንጋጋ ይደርቃል፤ ቀጥሎ አንገት፣ ከዚያም መላ አካል ይገተራል። በመገጣጠሚያ ሕመም ጊዜ ሰውነት አይገተርም፤ መለያው ይህ ነው። ሁለተኛው ማጅራት ገትር ነው። ኃይለኛ ትኩሳትና ራስ ምታት ይኖራል፤ አገጭን ወደ ደረት ማስጠጋት ያቅታል፤ ብርሃን ያስጠላል። በሁለቱም ገንፎና የሞቀ ጨርቅ ዋጋ የላቸውም። ሌሊትም ቢሆን በሽተኛውን ይዞ መሮጥ ነው።

መንጋጋ ቆልፍን የሚከላከል ክትባት አለ። ነፍሰ ጡር እናቶችና ሕፃናት በየጤና ኬላው ይከተቡበታል። ቁስል ያለው ሰው መንጋጋው መድረቅ ከጀመረ ቁስሉ ቢድንም እንኳ፣ መቼና በምን እንደቆሰለ ለጤና ሠራተኛው መጀመሪያ ይናገር።